ይርጋ የተመለሰበት ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጴንጤ ነኝ፤ የንስሐ አባት የለኝም። ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ ለሰው ካልነገርኩት ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ። እባካችሁ እናንተ ስሙኝ።

ሥራዬ ኬርጊቨር ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር አጠገብ ጋሼ ታደለ የሚባሉ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት እንከባከብ ነበር። ጠዋት መድኃኒታቸውን ሰጥቼ አንድ የድሮ ልቦለድ አነብላቸዋለሁ። ጀግናው ይርጋ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ የወንድሙን ደም ሊመልስ ይሄዳል፤ በሰባተኛው ዓመት ሲመለስ ሚስቱ በእልልታ ትቀበለዋለች። ጋሼ በወጣትነታቸው አንብበውት ልጃቸውን ይርጋ ያሉት በሱ ነው። እሳቸውም ሚስታቸውን እርጉዝ ትተው ነው አሜሪካ የመጡት፤ እናትና ልጁን ያስመጡት ሰባት ዓመት ቆይተው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

እኔ ደግሞ ባሌ ሁለት ልጅ አስታቅፎኝ የጠፋ ሴት ነኝ። እልልታው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ምኑ ነው እልል የሚያስብላት? ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩ፦ ሚስቱ በሩን ዘጋችበት፣ «ለልጅህ አባትህ ሞቷል ብዬዋለሁ፣ ሂድ» አለችው። እኔ ነኝ ያልኩት። መጽሐፉ አላለም።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እንዲህ ነበር እንዴ የሚለው?»

«አዎ ጋሼ፣ ይኸው ተጽፎ።»

ዓይን ለሌለው ሰው «ይኸው» አልኩ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ወዲያ አንብቢልኝ አላሉም። ብቻ ቁርስ እየበሉ፣ «ጽጌ፣ የኔዋም እንዲህ ብላኝ ይሆን በሆዷ?» ይሉኛል። የምትጠየቅ ሚስት የለችም፤ እኔ ግን ፊታቸው ተቀምጫለሁ። ዋሽቼ ነው ለማለት ስንት ጠዋት ነበረኝ? መጀመሪያ አፈርኩ፣ በኋላ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። እንዳዘኑ ሞቱ።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ይርጋ ከጋርዴና ድራይቭ አድርጎ መጥቶ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አገኘኝ። መጽሐፉን ይዟል። በልጅነቱ ስለመጣ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይለይም።

«እትዬ ጽጌ» አለኝ፣ «አባቴ ሊሞት ሲል ስለነዛ ሰባት ዓመታት ይቅርታ ጠየቀኝ። በሕይወቱ ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ መጽሐፍ ላይ ሚስትየዋ በሩን የዘጋችበት ቦታ አለ፣ እሱ ነው የቀየረኝ አለኝ። ሶ፣ ያንን ገጽ ብቻ አንብቢልኝ።»

ገጹን አውቀዋለሁ። ያለበት እልልታ ነው። ቅዳሜ አነብልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ ነገ ነው። የተጻፈውን አነብለታለሁ፤ ከዚያ ያደረግኩትን እነግረዋለሁ። ላስታርቃችሁ ብዬ ነው አልልም፤ በንዴት ነው ያደረግኩት፣ የባሌን ንዴት በሰው አባት ላይ ነው የተወጣሁት። እሱንስ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ጋሼን ግን የት አግኝቼ ልበላቸው?