ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ጉድጓድ

በ1964 ዓ.ም. ገብረአምላክ «የቀራንዮ ጉድጓድ ይተነፍሳል» ካለ ወዲህ በውሃ ጥናት ጣቢያው መሳቂያ ሆኖ ከረመ። ባሕረ ሐሳብ ተምሮ በዓልና አጽዋማት ሲያወጣ ያደገ ሰው ነው፤ አሁን ሥራው የመለኪያውን ቁጥር በሚሊሜትር ወረቀት ላይ መሣል ነው። መለኪያው የውሃውን ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ ይመዘግባል። ጨረቃ ምድርን ስትስብ ጉድጓዱ በቀን ሁለት ጊዜ ደረቱን እንደሚነፋ ገብረአምላክ ልቡ ነግሮታል።

የሦስቱን ቀን ልኬት ሲሥል ግን ጉድ ፈላ። ሞገድ በጠበቀበት ቦታ ሽቅብ ቀጥ ያሉ ሰረዞች ተደረደሩ፤ ልክ የማበጠሪያ ጥርስ።

«መሪጌታ!» አለ መሐንዲሱ ጥሩነህ እየሳቀ፤ «ይኼ ውሃ በአንድ ቅጽበት አሥር ቦታ ይቆማል? እኔ ሁለት ስብሰባ ላይ መገኘት አቅቶኛል!» ወዲያው ኮስተር አለ። «መለኪያው ተበላሽቷል። አሁኑኑ ይነቀል» ብሎ አንድ ሠራተኛ አስከትሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

መለኪያው ከተነቀለ የጉድጓዱን ትንፋሽ ማን ያይለታል? ገብረአምላክ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ሰረዞቹን መቁጠር ያዘ።

የሒሳብ ማሽኑን የምትመታው ፋሪዳ አንገቷን አሰገገች። «ጋሼ፣ ጊዜውን ከየት ጀምረው ነው የቆጠሩት?»

«ከየት ይጀመራል? ከፍጥረት ነዋ!»

«ያ ረቢ! ለሦስት ቀን ውሃ አዳምን ቀሰቀሱት?» ሳቋ ክፍሉን ሞላው። «ማሽኑ እኮ ከስምንት አሃዝ በላይ አይዝም። ሰባቱን በቀን የተቆጠረው የዓለም ዕድሜ በላው። ለሰዓቱ የተረፈችው አንዲት አሃዝ ናት፤ ሩብ ሰዓቱ ሁሉ ተቆርጦ እየወደቀ፣ ልኬቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆለለ!»

ገብረአምላክ ብድግ አለ። ዘመኑን ሁሉ ተሸክሞ መምጣቱ ያኮራው ነበር፤ ለካ ሸክሙ ነው ፊቱ ያለችውን ሩብ ሰዓት የጋረደበት።

«ከሰኞ ንጋት እንጀምር! በይ ቁጥሩን ጥሪልኝ፣ ቶሎ!»

እሷ ስትጠራ እሱ ነጥብ ሲጥል፣ ሰረዞቹ ተፈቱ። ነጥቦቹ ተነሡ፣ ጎበጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ተነሡ።

«ወላሂ ይተነፍሳል!» ብላ ጮኸች ፋሪዳ።

ገብረአምላክ ወረቀቱን ይዞ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ሮጠ፤ ነጠላው አጥር ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሠራተኛው የመለኪያውን ቡሎን መፍታት ጀምሯል። ጥሩነህ ወረቀቱን ተቀብሎ ሞገዱን በጣቱ ተከተለው፤ ተመልሶም ተከተለው።

«እሰረው» አለ ሠራተኛውን፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ጠበቅ አድርገህ እሰረው።»

ገብረአምላክ እያለከለከ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አለ።

«ተንፍስ እንግዲህ፣ ወንድሜ!»