የእትዬ ዘይነባ የዓሣ ፓስታ

ቅዳሜ ዕለት ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር፣ ከባሮ የመጣ ዓሣ በኮባ ቅጠል ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና አንድ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ነጭ ሽንኩርቱ በዘይት ቁልት ሲል፣ ቲማቲሙ ሲሟሟና ቃሪያው ሲከተል የተነሳው መዓዛ ግን ከወጥ ቤቴ አውጥቶ ቴፒ፣ ከቡና ጥላ ሥር ወዳደግሁበት የቆርቆሮ ቤት ይዞኝ ሄደ።

እትዬ ዘይነባ በአጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤታችን፣ የጅማ ሰው ነበሩ፤ ባላቸው ጋምቤላ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌር። እናቴ ደግሞ አስተማሪ አባቴን ተከትላ ከጎጃም የመጣች። ሁለቱ ጨው ሲያልቅ ጨው፣ እሳት ሲጠፋ ፍም ይዋዋሳሉ፤ ዓመት በዓል ሲደርስ ግን ወጥ አይቀማመሱም። የእኛ ሥጋ ለእነሱ፣ የእነሱም ለእኛ አይሆንም። አንድ መስክ የጋጡ፣ ከአንድ ወንዝ የጠጡ ሁለት በሬዎች ከታረዱ በኋላ በምን እንደሚለያዩ እናቴን ብጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ "ዝም ብለሽ ብይ" ነበር።

አንድ ክረምት ታላቅ እህቴን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ቢለቃትም እህል እንቢ አላት፤ አጥሚቱም ገንፎውም ሳይነካ ይመለሳል። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አየኋት። በዚያው ሰሞን ሾፌሩ ዓሣ ይዘው ገቡና የነጭ ሽንኩርቱ መዓዛ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። እህቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ "ምንድን ነው እሱ?" አለች። ሮጬ ሄጄ ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው።

ወዲያው በትሪ የዓሣ ፓስታ ይዘው መጡ። እናቴ ዓሣ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

"ማን ባረከው፣ ዘይነባ?" አለች ቀስ ብላ።

"ዓሣን ማን ያርደዋል እቴ? ከውኃ ሲወጣ አለቀለት።"

"ቅርፊትስ ነበረው? ቅርፊት የሌለው ለእኛ አይበላም።"

እትዬ ዘይነባ እየሳቁ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት እስከ ክርናቸው ተለጣጥፎበታል። እናቴ አማተበችና ራሷ ቀድማ ጎረሰች፤ ከዚያ እህቴን አጎረሰቻት። ዋጠች። ደገመች። እኔ የዓሣ ዐይን ለምን እንደማይከደን፣ ደግሞስ ውኃ ይጠማው እንደሆነ ስጠይቅ ትሪው አለቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ከጋምቤላ የተመለሱበት ቀን ሁሉ የሁለታችን ቤት ዓመት በዓል ሆነ፤ ልጅ አዋቂ ሳንል አንድ ማዕድ ከበን እንበላ ነበር። ኋላ እነሱ ወደ ጅማ ተመለሱ። እናቴ ከዚያ በኋላ ዓሣ ገዝታ አታውቅም። እህቴ አንድ ጊዜ ገዝታ ብትወስድላት፣ "ከማን ጋር ልበላው?" ብላ መለሰችላት።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔም ዛሬ ግቢዬ በግንብ ታጥሯል፤ ከግንቡ ማዶ ያለውን ጎረቤቴን የማውቀው በሳሉ ብቻ ነው።