አልመጣ ያለው ፎቶግራፍ

ወንድሜ ባሕር ዳር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በድንገት ነው አሉን። እናቴ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ስለዚህ እሑድ እኛ ዘንድ ሰቆጣ ላይ ሊለቀስለት ሆነ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ይያዛል። ልብስ ነበረን። ፎቶው ግን የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ገና ልጅ ነው። እናቴ አየችና «ይህን ይዤ ማንን ላልቅስ?» አለች።

አብሮት ይኖር የነበረው ጓደኛው የቅርብ ፎቶ በኢሜይል ላከልኝ። ያኔ ኢንተርኔት የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ በሳተላይት የሚመጣ። ሄድኩ። መልእክቱ ይነበባል። ፎቶውን ስከፍተው ግን ነጭ ገጽ ብቻ። «ድገመው» ብዬ ጻፍኩለት፤ ደገመው። ያው ነው። ዓርብ ሆነ። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ወጥቼ እመለሳለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ!» አለኝ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ።

«ጽሑፉ እየመጣ ፎቶው ለምን ይቀራል?»

«ጽሑፉ ትንሽ ነዋ። ፎቶ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ ቁራጮቹ ደግሞ ለዚህ መስመር ተልቀዋል። መስመሩ ይጥላቸዋል፤ መጣሉንም ለላኪው አይናገርም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቁራጩን አሳንሳችሁ ላኩ ማለት ነው። መስመሩን የሚያገናኘው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ለላኪዎቹ ይንገርልን።»

በኮምፒውተሩ ለራውተሩ ትእዛዝ ጻፈ። አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ የነበረውን የቁራጭ ልክ በመቶ ዝቅ አደረገው።

«መቶ ብቻ?»

«መቶዋ ናት ስታንቀዠቅዥህ የከረመች» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ለምን እንደመጣሁ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ሳቁን ትቶ ፎቶውን ከፈተልኝ።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች መጣ። ሰማይ። ፀጉሩ። ግንባሩ። ዓይኑ ጋ ሲደርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ... እንጃ። ስመለስ ታትሞ ጠበቀኝ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ እናቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መሀል ቆመች። ከፍ ታደርገዋለች ብለው አልቃሾቹ ይጠብቃሉ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ከስቷል» አለችኝ በቋንቋችን በኽምጣኛ፣ ቀስ ብላ። «ታሞ ነበር እንዴ?»

«ወረቀቱ ነው፣ እማ። ሲታተም እንዲህ ያደርጋል።»

አላመነችኝም። እኔም አጎንብሼ አየሁት፤ ጉንጩ ገብቷል። በየደብዳቤው ደህና ነኝ ይለኝ ነበር። ለቅሶው ሳያልቅ ከሰዉ መሀል ወጥቼ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ፤ ጓደኛውን የምጠይቀው ነበረኝ።