ስም የተጻፈበት መደብ

ክንዱ እባላለሁ፤ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። በላይ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ሳይንስ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ያለኝ አንድ የኪራይ ቤት፣ አንድ አልጋና ብዙ ኩራት ነው። ጎንደር ስዛወር አገባለሁ እያልኩ ስጠብቅ ፀጉሬ ቀድሞኝ ተዛወረ።

ዘንድሮ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ እንድንቀርብ ተፈቀደልን። የጎንደር ሰዎች አንዴ ካዩኝ አይለቁኝም ብዬ ሙከራውን ራሴ ነደፍኩት። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት የጎመን መደብ አዘጋጀን፤ አንዱ ኮምፖስት የሚገባበት፣ ሌላው ምንም የማይገባበት። ዘሩም፣ ውኃውም፣ ፀሐዩም እኩል ነው። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ምስክር የሌለው ሙግት ነው እያልኩ ክፍሉን አሰለቸሁት።

ኮምፖስት ያለበትን ለፀደንያ ሰጠሁ፤ አባቷ የወረዳ ሠራተኛ ናቸው። ባዶውን ለትርንጎ ሰጠሁ፤ እሷ የገበሬው የአያ አስማረ ልጅ ናት። ከዚያ ንድፌን በገዛ እጄ ቀበርኩት። በየመደቡ ራስ ቆርቆሮ ተክዬ የልጆቹን ስም ከነአባታቸው በቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ጓሮው ደግሞ የገበያ መንገድ ዳር ነው።

ጎመኑ ሲደርስ የፀደንያ ደህና ነበር። የትርንጎ ግን ቅጠሉ ለዝናብ መጠለያ ይሆን ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ሌላ መምህር ይጠረጥር ነበር፣ እኔ ግን ንድፈ ሐሳብ አወጣሁ። የላይ አርማጭሆ አፈር ኮምፖስት አይፈልግም! ዓለም ያላወቀውን ደረስኩበት ብዬ ሱፌን አስተኮስኩ፤ መስታወት ፊት ቆሜም ንግግር ተለማመድኩ።

በመሄጃችን ዋዜማ ወላጆችን ሰብስቤ ግኝቴን አበሠርኩ። አያ አስማረ ከኋላ ብድግ አሉ።

«ምነው መምህር! አፈሩ መቼ ብቻውን ይህን አደረገ? ገበያ በመጣሁ ቁጥር የበግ ፍግ ከሥሩ እቀብርለት አልነበር እንዴ?»

«አያ አስማረ! ባዶ መሆን ነበረበት እኮ! ሙከራዬን ገደሉት!»

«የልጄ ስም፣ የእኔም ስም ተጽፎበት መሬቱ ጦም ሲያድር መንገደኛው ምን ይለኛል? አስማረ ሞተ ወይ አይልም?»

ከእኔ በቀር ሁሉም ሳቀ። እንደገና ለመዝራት ጊዜ የለም። ዝም ብለን እንሂድ፣ ማን ያውቃል የሚል ሐሳብም ውልብ ብሎብኝ ነበር። አባቷ አጠገብ የነበረችው ትርንጎ ፊቴን አየችና «መምህር፣ እንደሆነው እንናገር» አለች። እሺ አልኩ።

ማራኪ ላይ ዳኛዋ ሶሊያና የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ትርንጎ ጎመኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ውጤቱን ገመገመች።

«ባዶ መደብ አልነበረንም፤ ሁለቱም ተመግበዋል። ስለዚህ ኮምፖስት ይጠቅማል ወይ የሚለውን አልመለስንም። ፍግ ከኮምፖስት ይበልጣል እንዳንልም መጠኑን የለካው የለም።»

«ታዲያ እንደገና ብትሠሩት ንድፉ ላይ ምን ትለውጣላችሁ?» አለች ሶሊያና።

ትርንጎ ወደ እኔ ዞር ብላ ትንሽ አሰበች። «ባዶው መደብ ላይ የመምህራችንን ስም እንጽፋለን። እሳቸው ባገሩ ዘመድ የላቸውም፤ ፍግ የሚያመጣላቸው ሰው አይኖርም።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከሱፌ በታች ወጋኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሽልማቱን ሌሎች ወሰዱት፣ እዚሁ ጎንደር ቆይ ያለኝም ሰው አልተገኘም።

ተመልሰን እንደገና ዘራን። በባዶው መደብ ቆርቆሮ ላይ «መምህር ክንዱ» ተብሎ ተጻፈ። ማንም እንዳይነካው ለወላጆች ደጋግሜ ተናገርኩ። አያ አስማረም «ሸጋ፣ ገብቶኛል» አሉ።

ጎመኑ ገና ቡቃያ ሳለ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ጓሮ ወጣሁ። ስሜ ያለበት ቆርቆሮ ሥር አፈሩ ተቆፍሮ ተመልሷል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጫር አደረግሁት። የበግ ፍግ ነው፣ ገና እርጥብ። ቀና ስል አያ አስማረ አህያቸውን እየነዱ ወደ እኔ ሳያዩ አለፉ። መቆጣት ነበረብኝ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ፤ ፍጉን መልሼ አፈር አለበስኩት።

ልጆቹ ሲመጡ ውጤቱን አስመዘገብኳቸው፦ ባዶ መደብ አሁንም የለንም።