ቤተልሔም የቀረው ምርኩዝ

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ይቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር እንደተኳረፍኩ መቁረቤን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይቺን ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው፤ ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ።

የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ሞጣ ላይ በዐቃቤ ሕግነት እሠራለሁ። ያየ ሰው "አላየሁም" ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የሰብዓዊ መብት ሥልጠና ሲኖር፣ በወረራ ሥር ያለ ሕዝብ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚገባው የጄኔቫን ስምምነት እያነሳሁ የማስረዳውም እኔው ነኝ። እኔ!

እናቴ ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ኢየሩሳሌምን መሳለም ነበር። ወሰድኳት። በሰሙነ ሕማማት ቤተልሔም ሄደን ሳለ ሙቀቱ ጣላትና ከማኅበርተኞቻችን ተነጥለን ቀረን። የወይራ እንጨት መስቀል የሚሸጡ ባልና ሚስት ሱቃቸው አስገብተው አስተኟት፤ ውኃ እያጠጡ አበረቷት። ባልየው ኻሊል ይባላል፣ ፍልስጤማዊ ነው። ሙስሊም መሆኑን ስነግራት እናቴ "እኔስ አንጀቴ ነግሮኛል፤ ቁርጥ የሞጣ ነጋዴዎችን!" ብላ መረቀችው። ሚስቱም ደህና መግባታችንን ልትጠይቅ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝ።

ኻሊል በመኪናው የእስራኤል ወታደሮች ወደ ኢየሩሳሌም የሚያልፈውን እስከሚፈትሹበት በር አደረሰን። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አይችልም፤ ፈቃድ የለውም። "ኢየሩሳሌም ይቺው ናት፣ እኔ ግን ካየኋት ዓመታት አለፉ" አለኝ እየሳቀ። እኛ ከቢቸና መጥተን እንገባለን፣ እሱ ከአፍንጫው ሥር አይገባም። ይህ በሕግ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አመስግኜው ወረድኩ።

እናቴ ምርኩዟን መኪናው ውስጥ ረስታው ኖሯል። በሩ ጋ ስንደርስ ኻሊል ምርኩዙን ይዞ፣ እኔ ስጠራት የሰማውን ስም እየጠራ "እማዬ! እማዬ!" ብሎ ከኋላችን ሮጠ። ወታደሮቹ ጮሁ፤ ወዲያው መሬት ላይ ደፉት። እናቴ ቀድማኝ በሩን እያለፈች ስለነበር አላየችም። እኔ አየሁ። አለቃቸው መጥቶ "ሊመታን ነው የመጣው? ታውቂዋለሽ? ምን አየሽ?" አለኝ። ኻሊል ፊቱ አፈር ላይ ሆኖ ያየኛል። የማኅበሩ አውቶብስ ከበሩ ማዶ ቆሟል። ብናገር ያቆዩናል፣ እናቴን የትንሣኤው ቅዳሴ ያመልጣታል፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ይመልሱናል።

"አላየሁም" አልኩ። "አላውቀውም" አልኩ።

አውቶብሱ ውስጥ እናቴ "ምርኩዜስ?" አለች። "ለሰውዬው ማስታወሻ ሰጠሁት" አልኳት። ፊቷ በራ። "ደግ አደረግሽ ልጄ፣ ይደገፍበት" አለች።

ፈርቼ ነው ልበል? እሺ፣ በሩ ላይ ፈራሁ። ቢቸና ስገባስ? ቢቸና ምን ወታደር ነበረ? ዘመድ አዝማዱ ይስመኛል፤ ተሳልሞ የተመለሰን ሰው እንደሚጠሩት "ኢየሩሳሌም" ይሉኛል። ያኔ ነው የሚስቱ መልእክት ስልኬ ላይ የገባው። ኻሊል ወታደር በዱላ ሊመታ ሞከረ ተብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ዱላ የተባለው የእናቴ ምርኩዝ ነው። "ሊመሰክርልን የሚችል ሌላ ሰው የለንም፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊልን" ብላ የጠበቃውን አድራሻ ላከችልኝ።

መጻፍ አቅቶኝ ነው? ስንቱን ምስክር ያናገርኩ ሴት! "ከእስራኤል ሕዝብ ጋር ምን አጣላሽ?" እባላለሁ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ እኮ የዳዊቱ እስራኤልና የፍተሻው በር ወታደር አንድ ናቸው። ለስሜ ሳሳሁ። ሴትዮዋ ደግማ ጻፈች። ብሎክ አደረግኳት።

እናቴ አምና አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ስትጸልይ የኻሊልን ስም ትጠራ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ።

ዘንድሮ ሞጣ ላይ ሐጂ ሁሴን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ምስክሬ ነበሩ። ፖሊስ ሱቃቸው ደጃፍ ሰው ሲደበድብ አይተው መናገር ፈሩ። "ያዩትን ይናገሩ እንጂ!" ብዬ ተቆጣኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና "እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው፤ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። እሳቸውም ችሎት ቀርበው መሰከሩ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ያየሁትን ለጠበቃው ጻፍኩለት። መልስ የለም። ወደ ኻሊል ሚስትም ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። ኻሊል ይታሰር ይፈታ፣ ይኑር አይኑር አላውቅም። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለት የሱ እንጂ የናንተ አይደለም። ቃሌን ግን ስሙኝ። ምርኩዙን ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ አግድም ይዞት ነበር። ወደ ወታደሮቹ ዞር ብሎም አላየ፤ የሚያየው እናቴን ነበር።

አይቻለሁ። አውቀዋለሁ።