ጎማው ላይ ያስቆየሁት ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ውስጥ ተረት በማበላሸት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ ችኩል ነበርኩ። መጨረሻውን አንዴ ካወቅሁት አፌ ላይ አይቆይልኝም፤ ተረቱ ገና ሳይጀመር እዘረግፈዋለሁ።

ተረት የሚያወሩልን አያቴ ነበሩ፤ አባባ እንላቸው ነበር። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ የመግሪብን ሶላት ሰግደው ሲመጡ፣ ከሰሉ ምድጃው ውስጥ ፍም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያኔ መብራት ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚሄድ ነበርና ብዙውን ምሽት የምናበራው ፋኖስ ነበር፤ ያ የጋዝ ሽታ፣ ያ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው የአባባ ጥላ፣ እጃቸውን ፍሙ ላይ እያሞቁ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የምሰማው ድምፅ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ።

እኛ ቤት አንድ ደንብ ነበር። ተረት ያወራ ሁሉ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ ሌላ ቤት ይህ እንዲሁ ተብሎ ያልፋል። አባባ ግን የተባለ ነገር ይፈጸማል ባይ ነበሩ። ተረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥርዓቱ ላወራ ልጅ ከድፎ ዳቦው ዳር ቆርሰው፣ በገዛ እጃቸው አፉን ያብሱለትና ዳቦውን ይሰጡታል። ታላቅ እህቴ ከድጃ ያን ዳቦ ስንቴ በልታዋለች። ዝም ብላ አትበላውም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ አንድም ቀን አልቀመስኩትም። ምን ያህል እንደምፈልገው ለማንም አልተናገርኩም፤ አፌ ላይ የቆየልኝ ምስጢር እሱ ብቻ ነበር።

አባባ ከሚያወሩት ሁሉ የምወደው የጅቡን ነበር። ጅቡ ሐይቅ ዳር ቆሞ ከደሴቱ የአህያ ድምፅ ይሰማና ምራቁ ይዝረበረባል። ጉማሬን «አሻግረኝ» ይለዋል። ጉማሬውም «ጀርባዬ ላይ ውጣ፤ ግን እስክንደርስ አፍህን እንዳትከፍት፣ ከከፈትክ እጠልቃለሁ» ይለዋል። ጅቡ መንገዱን ሁሉ ችሎ ይሄድና፣ ልክ አህዮቹን ሲያይ «መጣሁላችሁ» ብሎ ይጮኻል። ጉማሬውም ይጠልቃል። እኔ ተራዬ ሲደርስ «አንድ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ጅብ ነበር» ብዬ እጀምራለሁ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አባባም ዓይናቸውን እየጠረጉ «ዘይነብ፣ የኔ ልጅ፣ ጅቡን ሳይነሳ ገደልሽው እኮ» ይሉኛል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በኢድ ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ በሚኒባስ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ሄደ። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ስንደርስ ቅንድባችን ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር። እናቴ ድፎ ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው። ሐይቁ ዳር ወዳለው መጫወቻ ቦታ ስንገባ የቱን አይቼ የቱን እንደምተው ጠፋኝ፤ ዥዋዥዌው፣ በእግር እየተገፉ የሚሄዱት ጀልባዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውን መቀመጫ ላይ ጭኖ ሽቅብ የሚያወጣው ትልቅ የብረት ጎማ። ስሙን ስለማናውቅ ጎማው አልነው። አባባን ይውጡ ብንላቸው «ለእኔ መሬት ይበቃኛል» ብለው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። እኔ ከአምስት ዓመቱ ወንድሜ ከአንዋር ጋር አንድ መቀመጫ ላይ ወጣሁ፤ እናቴና ከድጃ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ላይ።

ሁለት ዙር እንደዞርን፣ እኛ ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ጎማው ቀጥ አለ። ሙዚቃውም አብሮ ዝም አለ። መብራት ሄዶ ነበር። ከታች ሠራተኛው «ጄኔሬተር እያስነሳን ነው፣ ከመቀመጫችሁ እንዳትነሱ» እያለ ይጮኻል። መቀመጫችን በነፋሱ ይወዛወዛል፤ ከፊታችን ያለችው አንዲት ሰንሰለት ናት። አንዋር መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቀጥሎ «እወርዳለሁ» ብሎ ተነሳና እግሩን ሰንሰለቷ ላይ አደረገ። ወገቡን ይዤ አስቀመጥኩት፤ እንደገና ተነሳ። እናቴ ከበታቻችን ካለው መቀመጫ «ዘይነብ፣ ያዢው፤ አደራሽን ያዢው» ትላለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጄ ዝሏል። ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ከአፌ የወጣው «ተረት ተረት» የሚለው ነው። አንዋር ለቅሶውን ሳይጨርስ «የላም በረት» አለ። ከድጃም ከታች «የላም በረት» አለች። ከወዲያ በኩል አንድ የማናውቀው ሰው በወፍራም ድምፅ ደገመው፤ ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች፣ ከዚያ ጎማው ላይ የተሰቀለው ሰው ሁሉ «የላም በረት» አለ። አንዋር በድንጋጤ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ሰው የአባባን ተረት የሚያውቅ መስሎት ነበር።

«አንድ ጅብ ነበር» አልኩ። «የሰመጠ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጅቡ ከሰመጠ ተረቱ ያልቃል፣ ተረቱ ካለቀ አንዋር ይነሳል። ስለዚህ ጅቡን ጉማሬው ላይ አወጣሁትና ቀስ እያልኩ ማስኬድ ጀመርኩ። ከእኛ በታች ሐይቁ ተዘርግቷል፤ ያየሁትን ሁሉ መንገዱ ላይ አቆምኩበት። አንድ ነጭ ወፍ ውሃው ላይ ሲያርፍ አይቼ «አያ ጅቦ፣ ወዴት ነው?» አስባልኩት፤ ጅቡ ዝም። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አይቼ ሰላምታ እንዲሰጠው አደረግሁ፤ ጅቡ ዝም። ጥቂት ቆይቶ «ጅቡ» ስል የጎማው ሰው ሁሉ «ዝም» እያለ ይቀበለኝ ጀመር። አንዋርም እግሩን አጥፎ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ጅቡን ያግዘው ነበር። ደሴቱ ማዶ ይታያል፤ እኔ ግን አላደርሰውም። ቀረብ ባለ ቁጥር ጉማሬውን ቆም አድርጌ ሣር አስግጠዋለሁ።

«ሐይቅ መሀል ደግሞ ምን ሣር አገኘ?» አለች ከድጃ ከታች።

«ተያት እንጂ፣ ታውራበት» አላት ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ።

ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ጅቡ ገና ውሃው ላይ ነበር። ጎማው ነቅነቅ ብሎ መውረድ ጀመረ። መሬት ስንደርስ አባባ ዛፉን ትተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አጥሩ ጋ ቆመው አገኘናቸው። ያን ሁሉ «የላም በረት» ሰምተዋል። አንዋርን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጅቡስ፣ ሰመጠ?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ አባባ፤ ደሴቱ ጋ አልደረሰም» አልኳቸው።

አባባ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና «እንግዲያው ጨርሺልን» አሉ። ጎማው ላይ የነበረው ሰው ከየመቀመጫው ወርዶ ከበበን፤ ባለ ወፍራም ድምፁም ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። መካከላቸው ቆሜ ጅቡን ደሴቱ ዳር አደረስኩት፤ አህዮቹን አሳየሁት፤ ትንሽ አስቆየሁት። ከዚያ አስጮኽኩት። ሲሰምጥ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አልኩ። አባባ እጃቸውን ወደ እናቴ ዘረጉ። ጨርቁ ተፈታ፤ የዳቦውን ዳር ቆረሱና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ አፌን አበሱልኝ።

አባባ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ፋኖሱም ወዴት እንደገባ አላውቅም። ዛሬ እዚያው ሞጣ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «መጨረሻውን ንገሪን» ብለው ሲጨቀጭቁኝ፣ ማስቆየት እንዴት እንደሚጣፍጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለማውቀው አልቸኩልም። አንዋር ጢም አውጥቷል፤ ምን ያህል ከፍ ብለን እንደነበር ትዝ አይለውም፣ ጅቡ ግን ትዝ ይለዋል። ከድጃ ደግሞ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ ሰው ፊት ደግ እንድመስል ብላ ነው መሰለኝ፣ «ያን ዳቦ አካፍላኛለች» ትላለች። አላካፈልኳትም። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ ብቻዬን ጨረስኩት።