ግጥም የሌለው ዜማ

ዜማውን የሰማሁት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከዶርማችን ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ነው። ቅዳሜ ጧት ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ቤዛ ጅንስ ሱሪዋን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ በሁለት እጇ እያሸች ታንጎራጉራለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የፊዚክስ ጥያቄ እሠራለሁ። ከእኛ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ሕክምና የሚገቡትን የሚለየው ፈተና ተቃርቦ ስለነበር፣ ሁለታችንም ከፎርሙላ ሌላ ወሬ አልነበረንም። መጀመሪያ ልብ ብዬ አልሰማኋትም። የሳሙናው ሽታና የጧቷ ፀሐይ ብቻ ሳላስበው ወደ ትንሿ ከተማችን ወደ ትክል ድንጋይ፣ ወደ ወላጆቼ ግቢ ወሰዱኝ፤ መምህር ደመላሽ ጓሮ ቆመው ፊታቸውን ሲታጠቡ ታዩኝ። ከዚያ ቀና አልሁ። ዜማው የእሳቸው ነው። የቤዛው ግን ግጥም ነበረው።

መምህር ደመላሽ ግቢያችን የገቡት እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ እንዲያስተምሩ ተመድበው ሲመጡ፣ አባቴ በአጥሩ ጥግ ያለችውን አንድ ክፍል የጭቃ ቤት አከራያቸው። ንብረታቸው ታጣፊ አልጋ፣ የቆርቆሮ ሣጥንና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዡን ፀሐይ ስለመታው ከዳር ያሉት ቀለማቸው ለቆ ሃይድሮጅን ጨርሶ ጠፍቷል። እናቴ በበሩ አጮልቃ አይታ ይህ ደግሞ የምን ጥልፍ ነው ብትላቸው፣ "ዓለም የተጠለፈበት ነው፣ እመቤቴ" አሏት። ለብዙ ጊዜ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ኖራለች።

ግድግዳው ስስ ስለነበር ማለዳ ሲያንጎራጉሩ ከመኝታዬ እሰማቸዋለሁ። ጫማ ሲቦርሹ፣ ጢማቸውን ሲላጩ፣ ሸሚዛቸውን በከሰል ካውያ ሲተኩሱ፣ ያው አንድ ዜማ ነው። የሠርግ ዘፈን ይመስላል፤ ግን በማንም ሠርግ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ቃል የሚባል ነገር የለውም። አባቴ መምህራችን ግጥሙን መንገድ ላይ ጥለውት መጡ እያለ ይስቅ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ተማሪያቸው ሆንሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጥቂቶቻችንን ያስቀሩናል፤ ከእኛ መካከል የጎረቤታችን ልጅ የሻረግ ነበረች። የሻረግ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ባልንጀራዬ ናት። ሐኪም እንሁን የሚለውን ሐሳብም ያመጣችው እሷ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ታሞ ማኪና እስኪገኝለት መንገድ ዳር በቃሬዛ ተኝቶ ሲጠብቅ አብራው ተቀምጣ ነበር። ልጁ ድኗል። እሷ ግን ያን መንገድ ዳር አልረሳችውም።

የምንቀርበት ክፍል የጠመኔ ብናኝና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸት ነበር። መምህር ፎርሙላ ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን አያውቁም። ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ገደል ይወስዱንና ድንጋይ ያስለቅቁናል። ድንጋዩ ከታች ጓ እስኪል ትንፋሻችንን ይዘን እንቆጥራለን። ከዚያ ክፍል ተመልሰን ፎርሙላውን ራሳችን ከሥሩ እናወጣዋለን፤ በአንድ ጥያቄ ብቻ ፀሐይ ትጠልቅብን ነበር። ሸምድዶ የመጣ ከተገኘ፣ ፎርሙላ የተሸከመ አህያ ነው፣ ፎርሙላ ያወጣ ሰው ነው ይሉታል። አንዱ ልጅ ስለ ጋዝ የሸመደደውን ባንድ ትንፋሽ ቢያነበንብላቸው "በሉ፣ ጭነቱን አራግፉለት" አሉና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል።

እኛ ስንሠራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሱ ያን ዜማ ያንጎራጉራሉ። የድንጋዩን ጥያቄ ስንሠራ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር ልበል? ምናልባት አሁን ነው እንዲህ የሚመስለኝ።

እኔንና የሻረግን በስማችን አይጠሩንም። ዶክተር ቁጥር አንድ፣ ዶክተር ቁጥር ሁለት ነበር የሚሉን። ማን አንድ ማን ሁለት እንደሆነ ስላልነገሩን እንጣላበታለን። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እናቴን ልጠይቅ ብለው ጎንደር ይሄዳሉ። ቦርሳቸውን እየተቀባበልን እስከ መናኸሪያው እንሸኛቸዋለን፤ የየሻረግ አባት አንዳንዴ ለእናትዎ ይሁን ብለው ማር በጣሳ ይልኩላቸዋል። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ "ዶክተሮች፣ ታማሚ እንዳታስጠብቁ!" ይሉናል። እሑድ ማታ ድምፃቸው ጎርንኖ ይመለሳል። እናታቸው ጆሯቸው ከብዷቸው ሲጮኹ ሰንብተው ነው ብለን እናዝን ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ መፈተኛው ቦታ ሄድን። የፊዚክሱን ወረቀት ስገልጥ ደስ አለኝ፤ የማላውቀው አልነበረበትም። ከከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ እንኳ ነበር። ከሥሩ ጀመርሁ፣ አወጣሁት፣ ልክ መሆኑን አረጋገጥሁ። ቀና ስል ከጎኔ ያለው ልጅ ገጹን ገልጦ ሄዷል። ፈታኙ ሰዓት ማለቁን ሲናገር እኔ ገና ከመካከሉ ፈቀቅ ማለቴ ነበር። የቀረውን በግምት አጠቆርሁት። የሻረግ ግን ያላወጣችውን መልስ መምረጥ እንደ ስርቆት ስለሚቆጠራት ባዶውን ትታው ወጣች።

እኔ እንደምንም አለፍሁ። የሻረግ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። መምህር ቤቷ ድረስ ሄደው እውቀትሽን ማንም አይወስድብሽም ብለው አጽናኗት። እሷም አመነቻቸው። እኔም አመንኋቸው።

"ምንድን ነው የምትዘፍኝው?" አልኋት ቤዛን።

"ፊዚክስ ነዋ። ምነው፣ አታውቂውም?" አለችና በአረፋማ እጇ የሳፋውን ጠርዝ እየመታች ደገመችልኝ፤

"አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣
ከላይ ለወደቀ ይኸው ነው ስሌት፤
ባርባ አምስት ዲግሪ ሽቅብ ቢሰዱት፣
ርቀቱ አራት ነው ከፍታውን አንድ ቢሉት።"

የተለቀቀ ድንጋይ በየሰከንዱ የሚወርደው ርቀት በዚህ ልክ እንደሚያድግ አስረዳችኝ። እኔ አንድ ገጽ የምጨርስበትን እሷ በአንድ ስንኝ ትመልሰዋለች። የጋዙም ስንኝ አለው፤ የአሲዱም አለው። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት፤ ልቤ ግን አስቀድሞ አውቆታል።

"ቲቸር ደሜ ነዋ። እዚሁ ፒያሳ፣ ቅዳሜና እሑድ ከፍለን የምንማረው ቱቶሪያል ነበረን። አቤት ሲያስቀን! 'ድንጋዩን አትከተሉት፤ እሱ ሥራ የለውም፣ እናንተ ግን ሰዓት አላችሁ' ይለን ነበር።"

ቲቸር ደሜ። እኔ ዛሬ እንኳ፣ ይህን በንዴት ስጽፍ፣ አንቱታውን መተው አልሆነልኝም።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። ቱቶሪያሉ ከልብስ መሸጫዎች በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ስጠብቅ ዜማው በበሩ ሾለከ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከነግጥሙ እየዘፈነው ነበር። መምህር ሲወጡ ጣታቸው ላይ ጠመኔ የለም፣ ሰማያዊ ማርከር ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ዶክተር!" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝና ማኪያቶ ካልጋበዝሁሽ አሉኝ። ደስታቸው የውሸት አልነበረም፤ ይህ ነው የከበደኝ።

ማኪያቶው እስኪመጣ ስለ አባቴ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። እኔ መልስ ከመስጠት ይልቅ የመጀመሪያውን ስንኝ በዝቅተኛ ድምፅ አልሁት። ስኳሩን ማማሰል አቆሙ።

"ለእኛ ለምን አልነገሩንም፣ ቲቸር?"

ማንኪያውን አስቀመጡ። "እዚህ የሚመጡት ለፈተና ነው፤ ለፈተና የሚሆነውን ሰጠኋቸው። እናንተን ግን ፊዚክስ ነው ያስተማርኋችሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስቸኩለኝ የለም። ምክንያቱም..." አሉና ወደ አደባባዩ ዞር አሉ። "እውነቱን ልንገርሽ? ከእናንተ መካከል ሕክምና የሚደርስ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።"

በመናኸሪያው የተሸከምሁት ቦርሳ፣ ዶክተር ቁጥር አንድና ሁለት፣ በሚኒባስ መስኮት የሚወዛወዘው እጅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። ለቁም ነገር ያልታጨን ስለሆንን ነበር ለካ ያን ያህል ጊዜ የተሰጠን።

"ፈተናው ግን አንድ ነበር፣ ቲቸር" አልኋቸው።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ስለ እናታቸው አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። የሻረግ በግል ተፈታኝነት እንደገና ልትቀመጥ ተመዝግባ፣ እስከዚያው የአክስቷን ሱቅ ትጠብቃለች። "ዶክተር ቁጥር ሁለት መጣች" አለችኝ ከባንኮኒው ጀርባ፤ አንደኛነቱን ዛሬም አልለቀቀችም። ሰው እስኪቀልል ጠብቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈንሁላት። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማውን አወቀችው፤ እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ።

ስጨርስ አልደነቃትም፣ አላለቀሰችምም። የዱቄት ብናኝ በሸፈነው ባንኮኒ ላይ በጣቷ መጻፍ ጀመረች። አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት አለች፤ ድንጋዩ ከተለቀቀበት ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ርቀት ነው። ከዚያ አንዱን ከአንዱ ቀነሰች። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ወጣ። ሳታወጣው አልቀበለውም ያለችውን አንድ ጊዜ እንኳ አላጠፈችም። እንዲህ ያደረጓት እሳቸው ናቸው፤ በፈተናው የጣሏትም በዚሁ ነው።

"ልክ ነው፤ ሸጋ ነው" አለች ዱቄቱን እያየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ምነው ታዲያ ዜማውን ብቻ ሰጡን?"

ፒያሳ የሰማሁት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ጨው ፈልጋ ገባች፤ የሻረግ ልትመዝንላት ዞር አለች፤ እኔም ዋጥሁት። የሚኒባሱ ረዳት ጎንደር ጎንደር እያለ ሲጣራ ተሰናብቻት ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር ከሱቁ ውስጥ ድምፅዋ ተከተለኝ። ዜማው የድሮው ነው፤ ግጥሙን ግን ገና እየተለማመደችው ስለሆነ ሦስትና አምስት ላይ ትደናቀፍ ነበር።